ከአያ ፈንቴ ጋር የተቆራኘሁበት ሰኔ

ባለፈው ክረምት ለለቅሶ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ከአውቶቡስ ወርደን ወደ ለቅሶው ቤት ስንጣደፍ አንድ የቆዳ መጋዘን በር ላይ እግሬ ቀጥ አለ። ጨው የተነሰነሰበት ጥሬ ቆዳ ዝናብ ሲነካው የሚያወጣውን ሽታ የማያውቅ ሰው ምንም አልቀረበትም። የልጅ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ እንሂድ እያለች ትጎትተኛለች። እኔ ግን የነጠላዬን ጫፍ፣ ቀማኛ የመጣብኝ ይመስል፣ በሁለት እጄ ጨብጬ ቆሜያለሁ። ምን ሆንሽ ብትለኝ፣ በሬ ሸተተኝ አልኳት።

ነገሩ የጣሊያን ጊዜ ነው። አሥር ወይ አሥራ አንድ ዓመቴ ቢሆን ነው፤ ያኔ ሰው የሚቆጥረው የጥጃ ዕድሜ እንጂ የሴት ልጅ ዕድሜ አልነበረም። ቤታችን ከሉማሜ ወረድ ብላ ካለች መንደር ነው። አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ከገባ ዓመት ሊሞላው ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ መንደሩም ያውቃል፣ ግን ማንም ለማንም አይናገርም። እናቴ ጡት የሚጠባ ወንድሜን አዝላ ቀርታለች። ሀብታችን አንድ ዳልቻ በሬ ነበር፤ አመድማ ሆኖ ግራ ጎኑ ላይ የልጅ መዳፍ የምታህል ነጭ ነገር አለችው። ያችን ነጭ ሳልነካ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ አባቴና ጎረቤታችን አያ ፈንቴ መቀናጆ ነበሩ። አያ ፈንቴም ያለው አንድ በሬ ነው፤ የሁለቱን በሬ በአንድ ቀንበር ጠምደው አንድ ቀን የኛን፣ አንድ ቀን የእሱን መሬት ያርሳሉ። በኛ አገር መቀናጆ ከዘመድ ይበልጣል። ዘመድ ቢጣላህ ታኮርፋለህ፣ መቀናጆ ቢጣላህ ትራባለህ። አባቴ ከሄደ በኋላም አያ ፈንቴ ቃሉን ሳያጥፍ አርሶልናል፤ እውነቱን መናገር አለብኝ።

ከዚያ ባንዳ ሆነ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ አንድ የገበያ ቀን ጠመንጃ አንግቶ፣ ወገቡ ላይ የባንዳ ምልክት የሆነውን ቀይ መቀነት ታጥቆ ከሉማሜ ተመለሰ። ግንቦት ሲያልቅ ደብረ ማርቆስ ለሰፈረው የጣሊያን ጦር ከየመንደሩ ከብት አምጡ ተባለ። አያ ፈንቴ የራሱን በሬ በረት ውስጥ ዘግቶ የኛን ዳልቻ ከግጦሽ ላይ ነድቶ ሄደ። መንደሩ ክው አለ። ባንዳ መሆኑን እንደምንም ችለውት ነበር። የመቀናጆውን በሬ የሚነዳ ሰው ግን ሽማግሌዎቹም አይተው አያውቁም። ለነገሩ እሱስ በቀረው አንድ በሬ ምን ሊያርስ ነው?

እናቴ ያን ቀን ሬሳ እንደወጣበት ቤት አለቀሰች። እኔ ግን በልቤ አበዛችው እል ነበር። ጣሊያን አገር ሊይዝ መጣ ሲባል እሰማለሁ፤ አገር የያዘ ሰው ያርሳል፤ ለማረስ በሬ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ዳልቻን የወሰዱት ሊያርሱበት ነው፤ ይኼ ምን ጥያቄ አለው? የኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። ዝናቡ ጀምሯል፣ መሬታችን አልታረሰም፤ እነሱ ሳይጨርሱ ሐምሌ ቢገባስ? ሄጄ ማስመለስ አለብኝ አልኩ።

ምክር የጠየቅሁት የእናቴን አጎት አባባ ካሴን ነው። አባባ ካሴ አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ ምላሳቸው ግን ያልደከመ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከሚስታቸው ወንድም ጋር በአንድ የእርሻ ድንበር በመሟገት ነው። ጣሊያን የመኪና መንገድ ሲያወጣ መንገዱ በዚያው በድንበሩ ላይ ሄደና ከሳሽም ተከሳሽም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። አባባ ካሴ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ መንገዱን ለመክሰስ ምስክር ያፈላልጉ ነበር።

በሬ በምን ይመለሳል ብዬ ብጠይቃቸው በሕግ ይመለሳል አሉኝ። ተበደልኩ ያለ ሰው የበዳዩን ልብስ ከልብሱ ጋር ይቋጥራል፤ ከዚያ ተያይዘው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። የተቋጠረ ሰው አይፈታም፣ አይሮጥም። የቋጠረው ሕፃን ቢሆን፣ የተቋጠረው ጀግና ቢሆን፣ ዳኛ እስኪፈታው ወይም ዋስ እስኪጠራ አብሮ ይሄዳል። ይኼ ነው ቁራኛ። የንጉሥ ስም ግን እንዳልጠራ አስጠነቀቁኝ፤ ያኔ በንጉሥ ስም ሰው ማቆም አንገት ያስቆርጥ ነበር። እያጫወቱኝ መስሏቸው ነው እንጂ ታደርገዋለች ብለው አልነበረም።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ አያ ፈንቴ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ቆሟል። ሰው ሁሉ ዳር ዳሩን ያልፈዋል፤ ሰላምታ ላለመስጠት ሁሉም መሬት ላይ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስላል። እኔ ቀጥ ብዬ ሄድኩና የጋቢውን ጫፍ ያዝኩ። ከነጠላዬ ጫፍ ጋር ደርቤ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት።

"በሕግ አምላክ" አልኩ።

ድምፄ ቀጥኖ እንደ ጫጩት ነበር የወጣው። ግን ሁሉም ሰማ። መቋሚያውን እንዳነሳ የቀረ ደብተራ ትዝ ይለኛል። አንዲት ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ከደነች። አያ ፈንቴ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቋጠሮውን ሲያይ ሳቁ ቆመ። ጠመንጃ ይዟል፣ በአንድ ጥፊ ሊገለብጠኝ ይችላል፤ እሱ ግን እኔ የተከልኩት ግንድ ይመስል ቀጥ አለ። የገረመኝ ደግሞ እኔም መፍራቴ ነው። ይሠራል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

"አንች ልጅ፣ ፍችው" አለኝ።

"ዳኛ ይፍታው።"

ዳኛ ደግሞ አልነበረም። የአጥቢያችን ዳኛ ከአባቴ ጋር ዱር ገብቷል። አያ ፈንቴ ዙሪያውን አየ፤ ያ ሁሉ ሰው ይጠብቀዋል። እሽ፣ ማርቆስ እንሂድ፣ እዚያ ያሉት የኔ ጌቶች ናቸው አለ። እናቴ ደርሳ የተደረገውን አየች። ቋጠሮውን ልትፈታው አትችልም፤ ተከሳሽ ማርቆስ ካለ በኋላ ልጇን ማስቀረትም ለእሷ ነውር ነው። በሶ ቋጥራ፣ አባባ ካሴን ተከታይ አድርጋ ሰጠችኝ። ጆሮዬ ላይ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የአባትሽን ስም ካነሳሽ ሁላችንንም ይሰቅሉናል አለችኝ። 

ማርቆስ የሁለት ቀን መንገድ ነው። አባባ ካሴ በቅሎ ስለሌላቸው በአህያ ሄዱ። ለሽማግሌ አህያ መቀመጥ ነውር ስለሆነ ሰው ባዩ ቁጥር ይወርዱና እግራቸውን እያፍታቱ እንደሆነ ያወራሉ፤ ሰውየው ሲያልፍ መልሰን እንሰቅላቸዋለን። የምናነሳቸው እኔና አያ ፈንቴ ነን፤ ከሳሽና ተከሳሽ፣ አንዳችን በግራ አንዳችን በቀኝ። የድሮ እርሻቸው ያለበት መንገድ ላይ ስንደርስ ደግሞ በራሳቸው ወርደው፣ በመሬቴ ላይ ስትሄዱ ጫማ አውልቁ አሉን። ሁለታችንም ጫማ የለንም።

ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። አያ ፈንቴ ረጅም ሰው ስለሆነ እሱ አንድ ሲራመድ እኔ ሦስት እሮጣለሁ፤ ካልሮጥኩ ነጠላዬ ይቀደዳል። ጫካ ስገባ ጋቢውን እስከ ጫፉ ለቆልኝ ጀርባውን ያዞራል፣ እሱ ሲገባ እኔ አዞራለሁ። ስለዚህ ነገር አንዳችንም አላነሳንም። ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። ስንቅ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። አባባ ካሴ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡና፣ የተቋጠረ ሰው ቢራብ የሚጠየቀው የቋጠረው ነው ብለው ፈረዱ። የዳልቻን ወሳጅ በእናቴ በሶ አበላሁት። ንዴቴ እስካሁን አለ።

በአገሩ ወግ መንገደኛም ዳኛ ነው። ስለዚህ ያገኙን ሁሉ እያስቆሙ ነገሩን ይሰማሉ። አንዱ ገበሬ ከሳቅ ብዛት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ካዳመጠን በኋላ፣ ሕጉ የልጅቱ ነው፣ ጠመንጃው ግን የእሱ ነው ብሎ አሰናበተን። አያ ፈንቴ ከዚያ ወዲያ ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ ያዘ።

አምበር አድረን በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ማርቆስ ገባን። የጦር ሰፈሩ በር ላይ አንድ ፈረንጅ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ራሱ ላይ ረጅም ነጭ ነገር አድርጎ ቆሟል። ጥምጥም ነው የመሰለኝ። የነሱም ዳኛ ቄስ ነው ማለት ነው ብዬ መሬት ስሜ፣ ዳልቻ የኛ በሬ መሆኑን፣ ጎኑ ላይ ነጭ እንዳለው፣ እርሻቸውን እስካሁን ጨርሰው ከሆነ እንዲመልሱልን ሁሉንም ነገር አስረዳሁት። ሰውየው በትዕግሥት ሰማኝ። ገባና አንድ ዳቦ አምጥቶ ሰጠኝ። ለካ ወጥ ሠሪያቸው ነበር። አያ ፈንቴ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዘጋው።

ዳቦውን ይዤ ዞር ስል አጥሩን አየሁ። ቆዳዎች ፀጉራቸው ወደ ውጭ ሆኖ ተሰቅለዋል፤ ዝናብ መትቷቸው ይሸታሉ። ሦስተኛው አመድማ ነው። ግራ ጎኑ ላይ ነጭ አለች።

ሄድኩና መዳፌን አስቀመጥኩባት። ልክ ነበረች።

ሰው በሬ እንደሚያርድ አውቃለሁ፤ የፋሲካ ሥጋ በልቼ ነው ያደግሁት። የሚያርስ በሬ በሰኔ ይታረዳል ብሎ ግን ማን ያስባል? ከሥር እንደተነቀለ ነገር ሆንኩ። ዳቦው ከእጄ ወድቋል። አላለቀስኩም፤ ማልቀስም ጠፋኝ። ቀና ስል አያ ፈንቴ ከኔ ይልቅ ደንግጦ ያየኛል።

"አንች ልጅ፣ አላወቅሽም ነበር እንዴ?"

"ሊያርሱበት ነው ብዬ" አልኩት።

 ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ፤ ነጠላዬም አብሮ ተሳበ።

አስገቡን። ሹሙ ወጣት ፈረንጅ ነው፤ አፍንጫው በፀሐይ ተልጧል። ከጎኑ አስተርጓሚ ቆሟል፤ ያገራችን ሰው ነው፣ ግን እንደ እንግዳ ነው የሚያየን። በሬዬ ሞቷል፣ አሁን የምፈልገው ፍርድ ነው አልኩ። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደተረጎመለት አላውቅም፤ ሹሙ ግን ቋጠሮውን እያየ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ መቀስ አንስቶ መጣና ቆረጠው። የጋቢው ቁራጭና የነጠላዬ ጫፍ እንደተቋጠሩ ወለሉ ላይ ወደቁ።

"ነፃ ናችሁ ብሏል" አለ አስተርጓሚው።

እኔ ሰማይ ይወድቃል ብዬ ጠበቅሁ። አባባ ካሴ እድሜ ልካቸውን በቁራኛ ሲሄዱ የኖሩ ሰው፣ ሌባ እንኳ ደፍሮ የማይነካውን ነገር እንደ ዶሮ አንገት ሲቆረጥ አዩ።  አያ ፈንቴ ጎንበስ አለና ቁራጩን ከወለሉ ላይ አነሳው። ሲያነሳው ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ልንወጣ ስንል አስተርጓሚው አስቆመን።

"ቆይ፣ የማን ልጅ ናት? አባቷ የት ሄዶ ነው ልጅ የምትካሰሰው?"

 እናቴ ጆሮዬ ላይ የነገረችኝ ትዝ አለኝ። አባባ ካሴን አየሁ፤ አንድ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለዋል። መልሱ ያለው አያ ፈንቴ ጋ ነው። አባቴ የት እንዳለ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃል፤ ቢናገር ደግሞ ይሾማል።

"ሞቷል" አለ አያ ፈንቴ። "ሚዳቋ እያደነ ገደል ገባ። ተዝካሩን በልቻለሁ።"

ጮህኩ። ባንዳ ነውና የሰማው ነገር አለ አልኩ። አባቴ ሞቷል፣ ተዝካሩም ወጥቷል፣ ሰፈሩ ሁሉ በልቶ እኔ ብቻ አልተነገረኝም። ፊቴን እየነጨሁ፣ መሬት ላይ እየተንከባለልኩ አባቴን በስሙ ሳይሆን አባዬ እያልኩ አለቀስኩ። ያን የመሰለ ለቅሶ አስተርጓሚውም ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ በእጁ ውሰዷት ውሰዷት አለ።

ከበሩ ርቀን አባባ ካሴ ጆሮዬን ይዘው አልሞተም፣ ዝም በይ አሉኝ። ዝም አልኩ፤ ግን ማንን ማመን እንዳለብኝ ግራ ገባኝ። አንድ ቀን ውስጥ በሬዬ በሕይወት አለ ስል ሞተ፣ አባቴ ሞተ ስል በሕይወት አለ። አያ ፈንቴ ቀድሞን ይሄዳል። ነፃ ሰው ነው፤ እዚያው ጌቶቹ ጋ መቅረት ይችል ነበር። ከከተማው ስንወጣ ግን ቆመ።

"ነይ" አለኝ። የጋቢውን የተቆረጠ ጫፍ ዘረጋልኝ።

አልገባኝም። እጄን ሳላነሳ ስቀር ራሱ ተንበርክኮ የነጠላዬን ጫፍ ፈልጎ ቋጠረው። ሁለት ጊዜ፣ እኔ እንደቋጠርኩት።

"ዳኛ ይፈታዋል እንጂ መቀስ አይፈታውም" አለ። ከዚያ ተነስቶ እንሂድ አለ። አባባ ካሴ ያን ቀን ሰው ሲያልፍ ከአህያው መውረድ ረሱ።

መንደራችን ስንደርስ ሰው ከማዶ አይቶን ተሰበሰበ። ተቆራኝተን ስንመለስ ሲያዩ ማን አሸነፈ ብለው ለመጠየቅም ደነገጡ። ሽማግሌ ነገር ከሚሰማበት ወይራ ሥር ተቀመጥን። አባባ ካሴ የእናቴ አጎት ስለሆኑ መፍረድ እንደማይገባቸው ራሳቸው ተናገሩ፤ አያ ፈንቴ ግን እርስዎ ይዳኙኝ አላቸው። ለመከራከርም አልፈለገም። በሬውን ነድቻለሁ፣ በሬዬን ደብቄ የመቀናጆዬን ነድቻለሁ አለ። ፍርዱ ይኼ ሆነ፤ የአያ ፈንቴ በሬ ለኛ ይሰጥ፣ አንድ በሬ ብቻውን ስለማያርስ ደግሞ የዘንድሮ መሬታችንን አያ ፈንቴ በዶማ ይቆፍር። ይህን ለመፈጸሙ ዋስ ይጥራ፤ ዋስ ከጠራ ቋጠሮው ይፈታል።

አያ ፈንቴ ቆሞ ሰውን አየ። የገዛ ወንድሙ ፊቱን አዞረ። የሚስቱ አባት ጭራውን እያወዛወዘ ዝንብ ያባርራል፤ ዝንብ አልነበረም። ለባንዳ ዋስ የሚሆን ማን ነው? ዋስ የሚሆን ሲጠፋ አያ ፈንቴ ቀስ ብሎ ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ዋስ ያጣ ሰው እንደተቋጠረ ነው የሚያድረው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ይበለው አልኩ።

ያን ጊዜ እናቴ ወንድሜን እንዳዘለች ከሴቶቹ መሀል ተነሳች።

"እኔ ዋሱ ነኝ" አለች።

ከሳሽ ለተከሳሽ ዋስ ሲሆን ታይቶ አያውቅም። ሰዎቹ አጉረመረሙ። አባባ ካሴም ሕጉን ፈልገው ፈልገው የሚከለክል አላገኙም መሰለኝ፣ ዝናብ ያጠበቀውን ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱት። አያ ፈንቴ እናቴን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እኔ ግን በንዴት ተቃጠልኩ። ሁለት ቀን ጭቃ ውስጥ የሮጥኩት፣ ስንቄን ያካፈልኩት፣ ዳልቻን አጥር ላይ ያየሁት ለዚህ ነው? ወደ ቤት ስንመለስ ለባንዳ ዋስ ሆንሽ አልኳት።

አልተቆጣችኝም። አባባ ካሴ ሁሉን ነግረዋት ኖሯል።

"አባትሽን በአፉ ቀበረልኝ" አለችኝ። "ተዝካሩን በልቻለሁ ብሎ የመሰከረለት ሰው ነገ ተመልሶ አይጠቁመውም። ከዚህ ወዲያ ለማን ዋስ ልሁን?"

በማግሥቱ በሬው በራችን ላይ ታስሮ ተገኘ፤ የታሰረው በቀዩ መቀነት ነው። ጠመንጃው የት እንደሄደ አልተጠየቀም፤ ዱር ላሉት ሳይደርስ እንዳልቀረ ግን እኔም መንደሩም እንገምት ነበር። ያን ክረምት ጤፍ አልዘራንም፤ በዶማ የተቆፈረ መሬት ጤፍ አይሆንለትም። ባቄላ ነው የዘራነው። አያ ፈንቴ ከፊት ይቆፍራል፣ እኔ ከኋላው ዘር እጥላለሁ። አላነጋግረውም። እሱም ዞር ብሎ አያየኝም፤ ወደ ኋላ ስቀር ግን ዶማውን አቁሞ ይጠብቀኛል። እንደዚያ ስንሠራ አንድ ቀን ልብ ብዬ ሳየው፣ የሚያያይዘን ነገር ሳይኖር፣ ከኋላው የምሄደው ልክ በጋቢው ርዝመት ርቄ ነበር።